የመዝገብ እገታ፤ አመጣጡና መከላከያው

ገዋኔ በአዋሽ ሸለቆ ውስጥ ከአያሉ ተራራ አጠገብ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። በዚህ ጎዳና ላይ ቀንና ሌሊት የሚመላለሱትን ከባድ መኪናዎች የተመለከተ ሰው፣ የአገራችን ንግድ እጅግ የሚበዛው ክፍል በዚህች መንገድ ላይ የተንጠለጠለ መሆኑን ያለ አስረጂ ይረዳዋል። ነገር ግን በዐይን ከሚታየው ጭነት ሌላ በዐይን የማይታይ ጭነት አለ፤ ይኸውም በየመሥሪያ ቤቱ ኮምፒዩተር ውስጥ የተከማቸው መዝገብ ነው። የሠራተኛው የአገልግሎት ዘመን፣ የተማሪው ውጤት፣ የበሽተኛው ካርድ፣ የግብር ከፋዩ ሂሳብ፣ ዛሬ ሁሉም በዚህ በማይታይ ሣጥን ውስጥ ይኖራል። እኛም በዚህ ጽሑፍ ልንናገር ያሰብነው ይህን ሣጥን ከሩቅ ሆኖ ስለሚቈልፍ፣ ቈልፎም ዋጋ ስለሚጠይቅ ወንበዴ ነው።

አባቶቻችን ለመዝገብ የነበራቸው ክብር ከፍ ያለ ነበር። የርስትና የጉልት ስጦታ በየገዳሙና በየደብሩ በወንጌል መጽሐፍ ባዶ ገጽና ኅዳግ ላይ ይጻፍ ነበር፤ ቃሉን የሚፍቅ ወይም የሚለውጥ ሁሉ የተወገዘ ይሁን የሚል ማስጠንቀቂያም ይታከልበት ነበር። መጽሐፉ የተቀደሰ፣ ውግዘቱም የሚያስፈራ ስለ ነበረ፣ ጽሑፉ ከትውልድ ወደ ትውልድ ይተላለፍ ዘንድ ሁለት ጠባቂዎች ነበሩት ማለት ነው። የዛሬው መዝገባችን ግን የሚኖረው በወንጌል ኅዳግ ላይ አይደለም፤ የሚሰርቀውም ሰው ባሕር ማዶ የተቀመጠ፣ ስሙም መልኩም የማይታወቅ በመሆኑ ውግዘት አያስፈራውም። ስለዚህ ለአዲሱ መዝገብ አዲስ ጠባቂ ልናቆምለት ይገባናል።

ነገሩ ከሩቅ የሚሰማ ወሬ እንዳይመስል በቅርብ ከምናውቀው እንጀምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ስሙን መጥቀስ በማያስፈልገን በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ስንሠራ፣ አንድ ሰኞ ጧት የሠራተኛ አስተዳደር ጸሐፊው ኮምፒዩተሩን ቢከፍት የሰነዶቹ ስም ሁሉ ተለውጦ አገኘው። በእያንዳንዱ ስም መጨረሻ ላይ ትርጉም የሌላቸው ፊደሎች ተቀጥለዋል፤ ሰነዱም አይከፈትም። በመስኮቱ ላይ ግን በእንግሊዝኛ የተጻፈ አንድ ደብዳቤ ነበር፤ በተወሰኑ ቀናት ውስጥ ይህን ያህል ገንዘብ በቢትኮይን ካልከፈላችሁ ሰነዶቻችሁን ለዘለዓለም አታገኟቸውም ይላል። የዘጠኝ ዓመት መዝገብ በአንድ ሌሊት ታግቶ አደረ።

በዚያው ሰሞን ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የመሥሪያ ቤቱን በር ሲጠብቁ የኖሩ አንድ ሽማግሌ ዘበኛ ጡረታ ወጥተው፣ የአገልግሎት ማስረጃቸው እስኪጻፍላቸው ይጠባበቁ ነበር። በየጧቱ ዱላቸውን ይዘው እየመጡ ከግራሩ ጥላ ሥር ይቀመጣሉ። እኛም «አባባ፣ ነገ ይመለሱ» እንላቸዋለን። በአምስተኛው ቀን ብድግ አሉና፣ «ልጆቼ፣ እኔ በሩን ስጠብቅ አንድ ወንበር እንኳ አልጠፋባችሁም፤ የኔን ሃያ ሁለት ዓመት ግን የት አደረጋችሁት?» ብለው ጠየቁን። የምንመልሰው ቃል አጣን። የነገሩን ፍጻሜ በስተ መጨረሻ እንናገራለን፤ አስቀድመን ግን የዚህን እገታ ትርጉምና ታሪክ እንመልከት።

በእንግሊዝኛ ራንሰምዌር ይሉታል። ራንሰም ማለት ከግዕዝ የወረስነው ቤዛ የሚለው ቃል ነው፤ የተማረከን ወይም የተያዘን ሰው ለማስለቀቅ የሚከፈል ዋጋ ማለት ነው። ዌር የሚለው ደግሞ ሶፍትዌር ከሚለው የተቈረጠ ነው። እንግዲህ ራንሰምዌር ማለት መዝገብን አግቶ ቤዛ የሚጠይቅ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ነው ማለት ይቻላል። ይሁን እንጂ ከሰው እገታ የሚለይበት አንድ ነገር አለ። ሰውን የሚያግት ሽፍታ የያዘውን ሰው ይዞ ወደ ጫካ ይሄዳል፤ የመዝገብ አጋች ግን ሰነዱን እዚያው በባለቤቱ ቤት፣ በባለቤቱ ጠረጴዛ ላይ ትቶ ቁልፉን ብቻ ይዞ ይሄዳል። ባለቤቱ ሀብቱን በዐይኑ እያየ ሊጠቀምበት አይችልም።

የዚህ ወንጀል መጀመሪያ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1989 ዓ.ም. ነው። ኢንተርኔት ገና በሕዝብ እጅ አልገባም ነበርና ተንኮሉ የተላከው በፖስታ ነበር። ዶክተር ጆዜፍ ፖፕ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ሕይወት ሊቅ ስለ ኤድስ በሽታ የሚያስረዳ ነው ብሎ 20,000 ያህል ዲስኬት በልዩ ልዩ አገሮች ለሚገኙ ሰዎች ላከ፤ ከተቀባዮቹም መካከል በዓለም የጤና ድርጅት የኤድስ ስብሰባ ላይ የተገኙ ሊቃውንት ነበሩ። ዲስኬቱን የተጠቀመ ሰው ለጊዜው ምንም ነገር አይታየውም፤ ኮምፒዩተሩ 90 ጊዜ ያህል ከተከፈተ በኋላ ግን የሰነዶቹ ስም ይደበቃል፤ 189 ዶላር በፓናማ ወዳለ የፖስታ ሣጥን ቍጥር ላክ የሚል ትእዛዝም ይመጣል። ፖፕ ተይዞ እንግሊዝ አገር ለፍርድ ቢቀርብም፣ የአእምሮው ሁኔታ ለፍርድ አያበቃውም ተብሎ ተለቀቀ።

የፖፕ ተንኮል ግን አንድ ጕድለት ነበረበት። የቈለፈበትና የሚከፍትበት ቁልፍ አንድ ዓይነት ሲሆን፣ ያም ቁልፍ በዚያው በዲስኬቱ ላይ ባለው ፕሮግራም ውስጥ ይገኝ ነበር። ስለዚህ ባለሙያዎች ፕሮግራሙን ፈትተው ቁልፉን አወጡት፤ መክፈቻም ሠርተው በነጻ አደሉ። ይህ ጕድለት እንዴት ሊሞላ እንደሚችል አስቀድመው ያሳዩት እ.ኤ.አ. በ1996 ዓ.ም. አዳም ያንግና ሞቲ ዩንግ የተባሉ ሁለት ሊቃውንት ናቸው። እነርሱ የጻፉት ዓለምን ለማስጠንቀቅ ነበር። አሳባቸውንም በቀላል ምሳሌ እንግለጸው። ጓጕንቸርን ማንም ሰው ገፍቶ ሊዘጋው ይችላል፤ ሊከፍተው የሚችል ግን ቁልፉ ያለው ብቻ ነው። ወንበዴው የተከፈተ ጓጕንቸር ወደ ቤታችን ይልካል፤ ፕሮግራሙ ሰነዶቻችንን በዚያ ጓጕንቸር ይዘጋል፤ ቁልፉ ግን ከቶ ወደ እኛ ቤት አልመጣም፤ ከመጀመሪያው ጀምሮ ባሕር ማዶ በወንበዴው ኪስ ውስጥ ነው። ይህ ዘዴ በትክክል ከተሠራ፣ የዓለም ኮምፒዩተሮች ሁሉ ቢሰበሰቡ እንኳ ቁልፉን በግምት ሊያገኙት አይችሉም።

ሆኖም ወንበዴው ሌላ ችግር ነበረበት፤ ገንዘቡን ሳይያዝ እንዴት ይቀበል? የፖስታ ሣጥንም የባንክ ሂሳብም ባለቤት አላቸውና ፖሊስ ይደርስበታል። ይህን ችግር ያቃለለለት እ.ኤ.አ. በ2009 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረው ቢትኮይን የተባለው የኢንተርኔት ገንዘብ ነው። ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2013 ዓ.ም. ክሪፕቶሎከር የተባለው ፕሮግራም ሁለቱን ነገሮች፣ ማለት ጓጕንቸሩንና ቢትኮይንን አጣምሮ ተነሣ። ከዚህ ጊዜ ጀምሮ የመዝገብ እገታ የአንድ ተንኮለኛ ሥራ መሆኑ ቀርቶ ንግድ ሆነ።

ዓለም ሁሉ ስሙን የሰማው ግን በግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም. ነው። በዚያ ቀን ዋናክራይ የተባለው ፕሮግራም በ150 አገሮች ውስጥ ከ200,000 የሚበልጡ ኮምፒዩተሮችን ያዘ፤ ለእያንዳንዱም በመጀመሪያ 300 ዶላር ጠየቀ። በእንግሊዝ አገር ሆስፒታሎች ሐኪሞች የበሽተኛውን ካርድ ማየት ተሳናቸው፤ ብዙ ሺህ የሕክምና ቀጠሮዎችም ተሰረዙ። ፕሮግራሙ የገባበት ቀዳዳ በዊንዶውስ ውስጥ የነበረ ሲሆን፣ ማይክሮሶፍት የተባለው ኩባንያ የሚደፍነውን ማሻሻያ ከጥቃቱ ሁለት ወር ያህል ቀደም ብሎ አውጥቶ ነበር። እንግዲህ የተጐዱት መድኃኒቱ ስላልነበረ አይደለም፤ መድኃኒቱ በእጃቸው ሳለ ስላልወሰዱት ነው እንጂ።

በሰኔ 20 ቀን 2009 ዓ.ም. ደግሞ ኖትፔትያ የተባለ ሌላ ጥቃት ተነሣ። ይህ ቤዛ ጠያቂ መስሎ ቢመጣም እውነተኛ አሳቡ ማጥፋት ነበር፤ የከፈለውም ሰው ቢሆን መዝገቡን አላገኘም። ከተጐዱት አንዱ መርስክ የተባለው የዴንማርክ ታላቅ የመርከብ ድርጅት ነው። ድርጅቱ የሠራተኞቹን ሁሉ መለያና ፈቃድ የሚመዘግቡ ዋና ኮምፒዩተሮች በየአገሩ አስቀምጦ ነበር፤ ነገር ግን ሁሉም እርስ በርሳቸው የተያያዙ ነበሩና ሁሉም አብረው ጠፉ። ከአንድ በቀር። ያቺ አንዲት ኮምፒዩተር የተገኘችው በጋና ሲሆን፣ የዳነችበት ምክንያት ጥቃቱ በደረሰ ጊዜ በዚያ ስፍራ መብራት ጠፍቶ ከመረቡ ተለይታ ስለ ነበር ነው። በጋና ያሉት ሠራተኞች የእንግሊዝ አገር ቪዛ ስላልነበራቸው አንዱ ዲስኩን ይዞ ወደ ናይጄሪያ በረረ፤ ሌላው ከእርሱ ተቀብሎ ወደ ለንደን ወሰደው። የዓለምን ዕቃ የሚያጓጕዝ ድርጅት በአንድ አፍሪካዊ ከተማ የመብራት መቋረጥ ምክንያት እንደገና ቆመ። እኛ መብራት በጠፋ ቍጥር የምናማርር ሰዎች ይህን ስንሰማ ፈገግ ማለታችን አይቀርም፤ ነገር ግን ትምህርቱ ከፈገግታው ይበልጣል። ከሌሎቹ ጋር ያልተያያዘ ቅጂ ነው ያዳነው።

እ.ኤ.አ. ከ2019 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ወንበዴዎቹ ሌላ ዘዴ ጨመሩ። ሰነዱን ከመቈለፋቸው በፊት ቅጂውን ወደ ራሳቸው ይወስዳሉ፤ ባለቤቱ መጠባበቂያ ቅጂ አለኝ ብሎ አልከፍልም ቢል፣ ምስጢርህን ለዓለም እንገልጠዋለን ብለው ያስፈራሩታል። ሥራቸውንም ተከፋፈሉት። አንዱ ፕሮግራሙን ይሠራል፤ ሌላው ይከራየዋል፤ ሦስተኛው የተሰረቀ የይለፍ ቃል ይሸጣል፤ ምርኮውን ይካፈላሉ።

ይህ ነገር የአውሮፓና የአሜሪካ ጣጣ ነው የሚል ሰው ቢኖር ወደ ዋና ከተማችን ይመልከት። በ2015 ዓ.ም. የካቲት ማለቂያ ላይ በአዲስ አበባ የሚገኘው የአፍሪካ ኅብረት ኮሚሽን የውስጥ መረብ ብላክካት በተባለው ቡድን ተጠቅቶ ከ200 የሚበልጡ የሠራተኞች መሣሪያዎች ተበከሉ። መረቡን መልሶ ለማቆም ኢንተርፖልና አፍሪፖል ጭምር ረዱ። የአህጉሪቱ መሪዎች የሚሰበሰቡበት ቤት ከተደፈረ፣ በሸለቆ ውስጥ ያለ አንድ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ትንሽ ነኝና ማን ያየኛል ብሎ መዘናጋት አይገባውም። ወንበዴው የሚፈልገው ትልቅ ቤት ብቻ አይደለም፤ በሩ የተከፈተ ቤት ሁሉ ነው።

እንግዲህ ጥቃቱ እንዴት እንደሚፈጸም በቅደም ተከተል እንመልከት። የመጀመሪያው እርምጃ መግባት ነው። መግቢያዎቹም ባብዛኛው ሦስት ናቸው፤ እነርሱም ሠራተኛው ሳያጣራ የሚከፍተው የኢሜይል አባሪ፣ የተሰረቀ ወይም ቀላል የይለፍ ቃል፣ ያልተደፈነ የሶፍትዌር ቀዳዳ ናቸው። ሁለተኛው በቤቱ ውስጥ ቀስ ብሎ መዘዋወር ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ዓ.ም. የአየርላንድ የጤና አገልግሎት መሥሪያ ቤት በተጠቃ ጊዜ፣ አንድ ሠራተኛ ተንኮል ያለበትን የኤክሴል ሰነድ የከፈተው ማርች 18 ቀን ሲሆን፣ መቈለፉ የተፈጸመው ግን ሜይ 14 ቀን ነው። ወንበዴው ስምንት ሳምንት ሙሉ በቤቱ ውስጥ ኖሮ ክፍሉን ሁሉ ሲያጠና ማንም አላስወጣውም ማለት ነው። ሦስተኛው እርምጃ የመጠባበቂያ ቅጂዎችን ፈልጎ ማጥፋት፣ አራተኛው ምስጢሩን መስረቅ፣ አምስተኛው መቈለፍ ነው። የማስፈራሪያው ደብዳቤ የሚመጣው ከሁሉ በኋላ ነው። ስለዚህ ደብዳቤውን ስናይ ጥቃቱ ጀመረ እንላለን፤ እውነቱ ግን ጥቃቱ ተፈጽሞ አልቋል።

ከዚህ የምንማረው፣ መከላከል የሚቻለው ከደብዳቤው በፊት ባሉት ቀናት መሆኑን ነው። ለመከላከያውም ሩቅ አገር ሳንሄድ ከዚሁ ከአፋር ምድር ሁለት ታላላቅ ትምህርቶች እናገኛለን።

የመጀመሪያው ትምህርት ዳጉ ነው። ሁለት የአፋር ሰዎች በመንገድ ሲገናኙ ዝም ብለው አይተላለፉም። ቁጭ ብለው ወሬ ይለዋወጣሉ፤ ከየት መጣህ፣ ምን አየህ፣ ምን ሰማህ ይባባላሉ። የነገረው ሰው በዐይኑ ያየውን ከሰማው ይለያል፤ ከማን እንደ ሰማውም ይናገራል። ሐሰት ያወራ ሰው በማኅበረ ሰቡ ዘንድ ክብሩን ያጣል። ስለዚህ ያለ ስልክና ያለ ጋዜጣ ወሬው በዚያ ሰፊ በረሓ ውስጥ ሳይበረዝ ይደርሳል። እንግዲህ እኛ ጽሕፈት ቤት ተቀምጠን ኢሜይል ሲደርሰን ለምን የዳጉን ጥያቄ አንጠይቅም? ይህን የላከው ማን ነው? አድራሻው በትክክል የእርሱ ነውን? ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ነገር ልኮልን ያውቃልን? ለምን አስቸኳይ ነው ይለናል? በስልክ ደውለን ብንጠይቀው ምን ይላል? በረሓ ውስጥ ያለ እረኛ የሚጠይቀውን ጥያቄ በዲፕሎማ የተቀመጠ ሠራተኛ ሳይጠይቅ ቢቀር ነውር ነው።

ሁለተኛው ትምህርት መንጋን መክፈል ነው። ብዙ ከብት ያለው አስተዋይ አርብቶ አደር ሀብቱን ሁሉ በአንድ ስፍራ አያኖርም። ጥቂቱን ከራሱ ጋር፣ ጥቂቱን በዘመዱ፣ ጥቂቱንም ራቅ ባለ ስፍራ ባለ ወዳጁ ዘንድ ያኖራል፤ ድርቅ ወይም በሽታ ወይም ዘራፊ ቢመጣ ሁሉን በአንድ ጊዜ እንዳይወስድበት ነው። የኮምፒዩተር ሊቃውንትም የመጠባበቂያን ሕግ ሲያስተምሩ ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ ይላሉ። የመዝገቡ ሦስት ቅጂ ይኑር፤ በሁለት ዓይነት መሣሪያ ላይ ይቀመጥ፤ አንዱ ቅጂ ከመሥሪያ ቤቱ ውጭ ይሁን። እኛ ደግሞ ከጋናዋ ኮምፒዩተር ተምረን አንድ ነገር እንጨምርበታለን፤ ቢያንስ አንዱ ቅጂ ከማናቸውም ገመድና መረብ ተነቅሎ በሣጥን ውስጥ ተቈልፎ ይደር። ሁልጊዜ እንደ ተሰካ የሚኖር ዲስክ በአንድ በረት ውስጥ እንዳለ መንጋ ነው፤ ዘራፊው አብሮ ይወስደዋል። ደግሞም በየጊዜው ቅጂውን ከፍቶ መሞከር ያስፈልጋል፤ ያልተሞከረ መጠባበቂያ ተስፋ እንጂ መጠባበቂያ አይባልም።

ከእነዚህ ከሁለቱ ሌላ ሊታለፉ የማይገባቸው ጥንቃቄዎች አሉ። ዊንዶውስና ሌሎችም ፕሮግራሞች አድሱኝ ሲሉ ነገ እያሉ ማቆየት ዋናክራይን የጋበዘው ስንፍና ነው። በየከተማው በርካሽ የሚጫነው የተሰረቀ ሶፍትዌር ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2018 ዓ.ም. ጀምሮ የተዛመተው ስቶፕ የተባለው የእገታ ፕሮግራም ባብዛኛው የሚተላለፈው የሶፍትዌርን ፈቃድ በሚሰብሩ ፕሮግራሞች ውስጥ ተደብቆ ነው። በነጻ ያገኘነው የመሰለን ዕቃ ዋጋውን በኋላ ይጠይቀናል። የይለፍ ቃልም ረዥምና ለእያንዳንዱ አገልግሎት የተለየ ይሁን፤ በተቻለ መጠን ከይለፍ ቃሉ በላይ በስልክ የሚመጣ ሁለተኛ ማረጋገጫ ይታከልበት። ሠራተኛውም የዕለት ሥራውን በአስተዳዳሪ ሥልጣን አይሥራ፤ የጸሐፊው መለያ ጸሐፊው ከሚያስፈልገው በላይ በር መክፈት የለበትም። ከመንገድ የተገኘ ወይም በየመደብሩ የዞረ ፍላሽም ሳይፈተሽ አይሰካ። በአዋሽና በሚሌ ኬላ መኪና ሳይፈተሽ እንደማያልፍ ሁሉ፣ የመሥሪያ ቤታችንም ኮምፒዩተር የራሱ ኬላ ይኑረው።

ጥቃቱ ከደረሰ በኋላስ? አስቀድሞ የመረቡን ገመድ መንቀል፣ ዋይፋዩንም ማጥፋት ነው፤ አንዱ የያዘው በሽታ ወደ ሌላው እንዳይተላለፍ። መጠባበቂያ ዲስክ ወደ ተበከለው ኮምፒዩተር መሰካት ፈጽሞ አይገባም። የማስፈራሪያውን ደብዳቤ ፎቶግራፍ አንሥቶ ማቆየት፣ ሰነዶቹንም አለመደምሰስ ያስፈልጋል፤ ዛሬ ያልተገኘ ቁልፍ ነገ ሊገኝ ይችላልና። የኔዘርላንድ ፖሊስና ዩሮፖል ከሁለት የኮምፒዩተር ደኅንነት ኩባንያዎች ጋር እ.ኤ.አ. በ2016 ዓ.ም. ኖ ሞር ራንሰም የተባለ አገልግሎት አቋቁመው፣ ለብዙ ዓይነት የእገታ ፕሮግራሞች መክፈቻ በነጻ ያድላሉ። ከዚህ ሁሉ በላይ ነገሩን መደበቅ አይገባም። የአገራችን የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር በ1999 ዓ.ም. በኤጀንሲነት የተቋቋመው እንዲህ ላለው ቀን ነው። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቍጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ወደ ሰው ኮምፒዩተር መግባትንና መረጃን ማበላሸትን በወንጀል ያስቀጣል፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 1321/2016ም የዜጎችን መረጃ የያዘ ሁሉ የመጠበቅ ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል። እንግዲህ መዝገብን መጠበቅ የአለቃ በጎ ፈቃድ መሆኑ ቀርቶ ሕግ ሆኗል።

እንክፈልና እንገላገል የሚሉም አሉ። ለእነዚህ አንድ ታሪክ እንንገራቸው። በአዲስ አበባ የአፍሪካ ኅብረትን ያጠቃው ያው ብላክካት፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ዓ.ም. ቼንጅ ሄልዝኬር የተባለውን የአሜሪካ የጤና ክፍያ ድርጅት ያዘ። የገባውም ሁለተኛ ማረጋገጫ ባልተደረገበት በአንድ በር ነው። ድርጅቱ 22 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ። ነገር ግን የቡድኑ አለቆች ገንዘቡን ይዘው ተሰወሩ፤ ጥቃቱን የፈጸመው ተባባሪያቸውም ድርሻዬን ከዱኝ ብሎ ጮኸ። የተሰረቀውም ምስጢር በሌላ ቡድን እጅ ወጥቶ ድርጅቱ ሁለተኛ ጊዜ ተጠየቀ። እርስ በርሳቸው የማይተማመኑ ሌቦች ከእኛ ጋር ቃላቸውን ይጠብቃሉ ብሎ ማመን ሞኝነት ነው። ቁልፉ በነጻ ቢገኝ እንኳ ሥራው ቀላል አይደለም፤ በአየርላንድ ወንበዴዎቹ በሳምንት ውስጥ መክፈቻውን ያለ ክፍያ ሰጥተው ሳለ፣ ሁሉን ወደ ነበረበት ለመመለስ ወራት ፈጅቷል።

አሁን ወደ ሽማግሌው ዘበኛ እንመለስ። መሥሪያ ቤታችን አልከፈለም፤ የሚከፍለውም ገንዘብ አልነበረውም። ነገር ግን በስድስተኛው ቀን አንዲት የቢሮ ተላላኪ በዕቃ ግምጃ ቤቱ ውስጥ፣ ከተሰበሩ ወንበሮች ሥር የተከመሩ አሮጌ የባሕር መዝገቦች መኖራቸውን አስታወሰችን። ብንከፍታቸው፣ ከብዙ ጊዜ በፊት ጡረታ የወጡ አንድ የመዝገብ ቤት ሹም በውብ የእጅ ጽሕፈት የእያንዳንዱን ሠራተኛ የቅጥር ቀንና የደመወዝ ለውጥ መዝግበውት አገኘን። ከኮምፒዩተሩ በኋላ የመጡት ዓመታት ከደመወዝ መክፈያ ወረቀቶች ተለቅመው ተሞሉ። የሽማግሌው ሃያ ሁለት ዓመት ተገኘ፤ ማስረጃውም ተጻፈላቸው።

ውድ አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ ኀፍረታችንን ሳንደብቅ እንናገር። እነዚያ መዝገቦች ቦታ አጣበቡ፣ አቧራም ሰበሰቡ፣ ዘመኑም የኮምፒዩተር ነውና ይወገዱ ብለን አሳብ አቅርበን የፈረምነው እኛው ነበርን። ከእሳት ያዳናቸው የእኛ አስተዋይነት አይደለም። የንብረት ማስወገጃ ኮሚቴው ሁለት ዓመት ሙሉ ስላልተሰበሰበ ብቻ ዳኑ። በጋና የመብራት መጥፋት ታላቁን የመርከብ ድርጅት እንዳዳነው፣ በእኛም ዘንድ የኮሚቴ መዘግየት የአንድን ሽማግሌ ጡረታ አዳነ።

ነገር ግን የአገር መዝገብ በመብራት መጥፋትና በኮሚቴ መዘግየት ሊጠበቅ አይገባውም። ዕድል አንድ ጊዜ ያድናል፤ ሁልጊዜ የሚያድነው ሥርዓት ነው። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ ያነበበ የመሥሪያ ቤት ኀላፊ፣ የትምህርት ቤት ርእሰ መምህር፣ የሂሳብ ሹም ሁሉ፣ ጽሑፉን ከማጠፉ በፊት ከጎኑ የተቀመጠውን ሠራተኛ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቀው። የመዝገባችን ሁለተኛ ቅጂ ዛሬ የት ነው ያለው? መልሱ «እዚሁ ኮምፒዩተሩ ላይ» የሚል ከሆነ፣ ነገ ከግራሩ ጥላ ሥር ዱላቸውን ይዘው ለሚቀመጡት ሽማግሌ የምንሰጠውን መልስ ከዛሬ ጀምረን ማሰብ ይኖርብናል።